የብረት ሚዶና ቅቤ

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም፤ ብቻ ልጅ ነበርሁ። ዛሬ ደብረ ታቦር፣ የልጅ ልጄ ፀጉር ቤት ፀጉሯን ስትተኮስ ሽታው ወደዚያ መለሰኝ።

«ልጄ፣ ብረቱ ቆዳዋን እንዳይነካት» አልኋት ፀጉር ሠሪዋን።

«አይስጉ አባባ፤ የሙቀት መከላከያ ቀብቻታለሁ፣ ሙቀቱንም ዝቅ አድርጌዋለሁ» ብላ ሳቀች።

እህቴ አለሚቱ ግን ወደ ሐሙሲት ልትዳር በዋዜማው፣ ጎረቤት ያዋሰቻትን የብረት ሚዶ ፀጉሯን ልትተኩስበት ፍም ላይ አጋለች። ቅቤ ካለ አያቃጥልም ብላ ራሷን አስቀድማ ተቀብታ ነበር። ብረቱ ሲነካው ቅቤው ተንጨረጨረ፤ እሷም ጮኸች። አክስታችን እናኑ ሮጣ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችባት።

«አንቺ፣ ሽንኩርት ነሽ በቅቤ የምትጠበሺው? ቅቤ እኮ እሳት ለማይነካው ራስ ነው!»

እህቴ እያለቀሰች ሳቀች። በማግስቱ ቁስሏንና የተቃጠለ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና በቅሎ ላይ ወጣች።

«ፀጉሬ ሲበቅል መጥቼ አሳይሃለሁ» አለችኝ።

አልመጣችም። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሞተች፤ ፀጉሯ ይብቀል አይብቀል አላየሁም።

«አያቴ፣ አምሮብኛል?» አለች የልጅ ልጄ። «አምሮብሻል» ብዬ ፀጉሯን ዳበስሁላት።

ያኔ እህቴ የሞተች ጊዜ ሰዎች ወንድ ልጅ አያለቅስም ሲሉኝ፣ «ተዉት፣ ያልቅስ!» ብላ ጉያዋ ያስገባችኝ ያችው አክስቴ እናኑ ነበረች።