ከደረቀ በኋላ የሚያጣብቅ ማስቲሽ

ትናንት ቀትር ላይ ነው... የመተማ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት የገበሬ ማኅበራችን ወፍጮ ቀጥ አለ።

ሞተሩ ደህና ነው። የተበላሸው ቺንጊያውን የሚያዞረው የብረት መዘውር ነው። ቺንጊያው እንዳያዳልጠው ብረቱ ላይ ጎማ ተለጥፎበት ነበር፤ ጎማው ተገንጥሎ ወደቀ። ራቁቱን የቀረው ብረት ብቻውን ይሽከረከራል፣ ቺንጊያው ቆሞ ያየዋል።

«ታዲያ አንችን ምን ቸገረሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እሑድ የእህቴ ሠርግ ነው! ማሽላው በጆንያ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ወፍጮው ካልተነሳ እህሉ በእጅ፣ በድንጋይ መፈጨቱ ነው። ሙሽራ ሥራ አትነካም፤ እናቴን ወገቧን ያማታል... ተንበርክካ የምትፈጨው ማን ናት? እኔ ነኛ!

ሽማግሌዎቹ ግን ምን ገዷቸው። እነሱ ተንበርክከው አይፈጩ። ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡና፣ ጎማን ከብረት ምን ያጣብቀዋል ብለው ስብሰባ ከፈቱ።

ሊቀመንበሩ አያ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓዶች፣ የዕለቱ አጀንዳ አንድ ነው። እሱም ማጣበቂያ።»

አያ ውብነህ ቀደሙ። እኒህ ሰው ሱረት ሳይስቡ ሐሳብ አይሰጡም። ሳብ አደረጉና «ምኑ ያከራክራል? የግራር ሙጫ! አባቴ የጠመንጃውን ሰደፍ የጠገነው በሱ ነው» አሉ።

ባለሱቁ ሐጂ ኢድሪስ ከሱዳን የመጣ የማስቲሽ ቆርቆሮ ከፍ አድርገው አሳዩ። «ወላሂ፣ ሙጫ ለእንጨት ነው። ለጎማና ለብረት ይኸ ነው!»

እጅ ይውጣ ተባለ። ግማሹ ለሙጫ፣ ግማሹ ለማስቲሽ... እኩል! እኔ ከጆንያ ጆንያ እየዘለልኩ ጉልበቴን አሻለሁ።

«አያ፣ እሑድ ደረሰ እኮ!»

«አንች፣ ትልቅ ሰው ሲነጋገር ምን ጥልቅ ያደርግሻል?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

የሰሊጥ አጨዳ ጨርሶ የመንገድ ስንቁን ሊያስፈጭ የመጣ አንድ ጎጃሜ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ አገር ለርስትም እንዲህ አይሟገቱ» አለኝ በሹክሹክታ።

መጨረሻ ላይ እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌ ገባ። ድንበር የተጋፉ ሰዎችን እንደሚያስታርቁት ሁሉ ማጣበቂያዎቹን አስታረቋቸው! «ማንም እንዳይቀየም ሁለቱም ይደባለቁ» ተባለ።

ተደባለቁ። በውሃ የሟሟው ሙጫና ማስቲሹ እንደ ተበጣጠሰ ወተት ተቋጠሩ። ያንን ብረቱ ላይ ለቀለቁት፣ ጎማውን ጫኑበት፣ ሞተሩ ተነሳ። ጎማው አንዴ ዞረና ተስፈንጥሮ በአያ ተገኘ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ ግድግዳውን መታ።

«አሻጥር ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከተደፉበት ሳይነሱ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ቆርቆሮውን አፈፍ አደረግኩት። ዙሪያውን በዐረብኛ ተጽፎበታል። «ሐጂ፣ ይኸ ምን ይላል?»

ለካስ ሲከራከሩ ውለው ማንም አላነበበውም! ሐጂ መነጽራቸውን አወጡ። «ብረቱን ፋቅ፣ እጠብ። ሁለቱንም ወገን ቅባና ተወው። ጣት ሲነካው የማይዝ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግጠም።»

አያ ውብነህ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ማጣበቅ ካቆመ በኋላ የሚያጣብቅ? እንግዲያማ ከፍች በኋላ ሠርግ በሉኛ!»

ሐጂና እኔ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ በቤንዚን አጠብነው፣ ብረቱንም ጎማውንም ቀብተን ለየብቻ አስቀመጥናቸው። አያ ውብነህም «ውሸቱን ላጋልጥ» ብለው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ማስቲሽ ቀቡ። ጣቶቻቸውን አራርቀው ለሕዝብ እያሳዩ ተቀመጡ።

ከዚያ መጠበቅ... ኧረ የመጠበቅን ነገር አታንሱብኝ! ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞርኩት።

«ሐጂ፣ አሁንስ?»

«ሰብር አድርጊ፣ ታገሽ ልጄ።»

ዞሬ መጣሁ። «አሁንስ?»

«አሁንማ አንችን ነው ከብረቱ ጋር የማጣብቅሽ!»

አያ ውብነህ የቀቡትን ጣት በሌላ እጃቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ደረቀ! ይኸው፣ አይዝም። ማስቲሹ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር!»

ሰው ሁሉ ሳቀላቸው። ሲያሸንፉ ደግሞ ሱረት ያምራቸዋል። የሱረቱ ብልቃጥ አፉ ጠባብ ነው፤ እንዲገቡላቸው ሁለቱን ጣቶች ገጠም አደረጓቸው... ብልቃጡ ውስጥ ሊከፍቷቸው ቢሉ እምቢ። አወጧቸው። አራገፏቸው። እንደ ወፍ ምንቃር ግጥም እንዳሉ ቀሩ።

«ምነው አያ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

አያ ውብነህ ጣታቸውን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ።

ሐጂ ግን ከተቀመጡበት ዘለው ተነሱ። «ኸላስ! ጊዜው አሁን ነው! ግጠሙ!»

ጎማውን ከብረቱ ጋር ገጥመን ዙሪያውን በእንጨት ቀጠቀጥነው። ቺንጊያው ገባ፣ ሞተሩ ተነሳ... እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ቺንጊያው ነከሰ። ድንጋዩ አጓራ። ዓይኔን ስገልጥ ዱቄት እየወረደ ነው!

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አያ ውብነህ ጮኹብኝ። «አንች ልጅ፣ ያን ቤንዚን አምጭልኝ፣ ጣቴን ላላቅቅበት!»

«ምን አሉኝ አያ? ወፍጮው አያሰማም!»

ሠርጉ እሑድ ነው። መራቂው አያ ውብነህ ናቸው... ጣታቸው እስከዚያ ከተላቀቀ።