ሉማሜ ላይ የተከፈተው በር

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ጎማ ፈነዳበት። እስኪቀየር ሻይ ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ልጅ ሆኜ የጀመርኩት አንድ አሮጌ ጌም አለ፤ እስካሁን አላጠፋሁትም። ጀግናው አንድ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ተዋጊ ነው። እንደ ሌሎቹ ጌሞች ጀግኖች ጡንቻ የለውም፣ አይፎክርም፤ በወደቀ ቁጥር ግን ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፈተና ወድቄ ተስፋ የቆረጥኩ ጊዜ እንኳ ትዝ ያለኝ እሱ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የመጨረሻውን በር የሚጠብቀውን ግዙፍ ዘበኛ ስንት ዓመት ሙሉ አሸንፎልኝ አያውቅም።

ጠረጴዛ የተጋራኋቸው አንድ ቄስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ዘበኛው ላይ ሰይፉን በሰነዘርኩ ቁጥር ፊታቸውን ይቋጥራሉ። አፈርኩ። ልዘጋው ስል፣

"ይሄ ሰውዬ ምን አደረገህ ልጄ?" አሉኝ ዘበኛውን እያሳዩኝ።

"በሩን አላሳልፍ ብሎኝ ነው፣ አባ።"

"ገና ምንም ሳይልህ እኮ ነው የመታኸው። እስኪ ያንተ ሽማግሌ ሰይፉን ይክተተው።"

እንዳላስቀይማቸው ብዬ ሰይፉን ወደ አፎቱ መለስኩት። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና በሩን ከፈተው! ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"አባ፣ ይህን ጌም ያውቁታል እንዴ?"

"ኧረ ከየት አባቴ!" ብለው ሳቁ። "ቅስና ሳልቀበል የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ዱላ ይዞ የመጣን ሰው አንድ ቀን አስገብቼ አላውቅም።"