ሊቲየምና ጠበል

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ማንም አልገረመውም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የዓመቱ ፈተና ታርሞ ስላለቀ የሚጠብቀኝ ሥራም አልነበረም። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ድካም ነው ብላ ተወችኝ። ቆይታ ግን ገላዬን ሳልታጠብ፣ ልብስ ሳልቀይር መሰንበቴን አየች። የምትሠራልኝን ሽሮ ቀመስ አድርጌ እተወዋለሁ። አላለቅስም። ለማልቀስም አንድ የሚፈለግ ነገር መኖር አለበት፤ እኔ ደግሞ ምንም አልፈልግም ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ለታይፎይድ፣ ለታይፈስ፣ ለደም ማነስ ተመረመርኩ፤ ምንም አልተገኘም። አንድ ወጣት ሐኪም ውጤቶቹን ወደ ጎን አድርጎ ስለ እንቅልፌና ስለ ምግብ ፍላጎቴ ጠየቀኝ። ቀጥሎም መሞት ያምረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«መሞት እንኳ አያምረኝም፤ ተኝቼ ብቀር ግን ቅር አይለኝም» አልኩት።

ድብርት ነው አለኝና ፍሉኦክሰቲን የሚባል እንክብል አዘዘልኝ። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል እንዳለ፣ መድኃኒቱም ይህ ኬሚካል ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ እንደሚያደርግ አስረዳኝ። ለኬሚስትሪ አስተማሪ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው። የጎደለ ነገር አለ፤ ይሞላል፤ አለቀ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ወሰደ። ከዚያ ተነሣሁ። ታጠብኩ፣ በላሁ፣ ጎረቤት ሄጄ ተጫወትኩ። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ትምህርት ሲከፈት ግን መነሣቴ ማቆሚያ አጣ። እንቅልፍ የሰነፎች ነገር መሰለኝ። ስናገር ቃላቱ እየተጋፉ ይወጣሉ። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክራፎኑን ከርዕሰ መምህሩ እጅ ወሰድኩና ትምህርት ቤታችን የራሱን የመድኃኒት ፋብሪካ እንደሚያቋቁም አበሰርኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አጨበጨቡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ በመጨረሻ ዝም አሉ። ዝምታቸውን አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት።

በዚያው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ሄድኩ። አባቴ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ቅዳሴው አልቆ ምእመናኑ ስብከት ሊሰሙ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁና ሰባኪው ፊት ቆሜ ማስተማር ጀመርኩ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ስለ ብርሃንና ስለ አቶም ተናግሬአለሁ። አባቴ ጳጳስ ሊሆኑ እንደ ሆነም ተናግሬአለሁ፤ ባለትዳር ቄስ ጳጳስ እንደማይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ የቄስ ልጅ! አባቴ ከነካባቸው መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ነይ ወደ ቤት።»

«አልጨረስኩም እኮ አባዬ!»

«ቤት ትጨርሺልኛለሽ።»

ሰዉ «ለክፏት ነው» አለ። በማግስቱ እህቴ የእንክብሉን ፓኬት ይዛ ደረሰች። አባቴ ጠበል፣ እሷ ሆስፒታል እያሉ ተከራከሩ። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ እዘፍን ነበር። በመጨረሻ አባቴ «እሺ፣ ሐኪም ይያት። ጠበሉ የትም አይሄድም» አሉ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያየችኝ የአእምሮ ሐኪም ከእኔ ይልቅ እህቴን ብዙ ጠየቀቻት። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች ወይ? እህቴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሆነውን አስታወሰች። አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ፣ ጓደኞቼ ከመኝታ ክፍሉ እስኪወጡ ድረስ አስቸግሬአቸው ነበር። የፈተና ጭንቀት ነው ተብሎ ታልፏል።

«ይህ ድብርት ብቻ አይደለም፤ ባይፖላር ነው» አለች ሐኪሟ። «ስሜቷ ወደ ታችም ወደ ላይም ከልክ ያልፋል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ አንዳንዴ ወደ ላይ ይገፋዋል።»

የመጀመሪያውን ሐኪም አልወቀሰችም። እሱ ያየው ታቹን ብቻ ነበር፤ ስለ ላዩ የነገረው ሰው አልነበረም።

እዚያው ሆስፒታል ተኛሁ። ፍሉኦክሰቲኑ ቆመ፤ የሚያረጋጋ መርፌ ተሰጠኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲሻለኝ ሐኪሟ ኩላሊቴንና ታይሮይዴን አስመርምራ አዲስ መድኃኒት መረጠች።

«ሊቲየም?» አልኳት። «የባትሪው?»

«የባትሪው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ የእሳትን ነበልባል ደማቅ ቀይ የሚያደርግ። ለሕመምተኛ የሚሰጠው በጨው መልክ ነው። አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስጠይቃት፣ ሴሎቹ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ አንዳንድ ኢንዛይሞችን እንደሚያረጋጋ ነገረችኝና «ሙሉ መልሱን ግን ገና ማንም አያውቅም» አለች። ተናደድኩ። አባቴ ግን የማታውቀውን አላውቅም የምትል ሐኪም በማግኘታቸው ደስ አላቸው። ከዚያ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ።

«ጾምስ?»

«አባታችን፣ የጾም ምግብ ትብላ፤ ውኃ ግን አይቋረጥባት፤ ጨውም እንደ ወትሮው ይሁን» አለች። «ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ያለውን አልለቅም ይላል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ደሟ ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ይሆናል። ካስመለሳት፣ ካስቀመጣት፣ እጇ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደች፣ ምላሷ ከተሳሰረ፣ መድኃኒቱን አቁማ በፍጥነት ትምጣ።»

አባቴ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ደገሙ። የድጓ ተማሪ ነበሩና በቃል መያዝ ልማዳቸው ነው። ግቢው በር ስንደርስም በለሆሳስ ሲደግሙት ሰማኋቸው።

ወደ ማስተማር ተመለስኩ። ሊቲየሙ ያስጠማል፣ ያወፍራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ፊደል ትንሽ ይወዛወዝ ጀመር። ደሜ ውስጥ ያለው መጠን እንዲታወቅ በየጊዜው ደም እሰጣለሁ። ስሜቴ ግን ቦታውን ያዘ። አንዳንዴ ያ የማይክራፎኑ ጠዋት ይናፍቀኛል። እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብዙ ሰው እንደሚናፍቀው፣ ብዙ ሰውም በዚያ ናፍቆት መድኃኒቱን እንደሚያቆም ነገረችኝ።

ዐቢይ ጾም ሲደርስ አክስቴ መጣች። ታምሜ ሳለሁ ከዳንኩ ጠበል ይዛኝ ልትሄድ ተስላ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኳት፤ ያደግኩበት ነገር ነው። ጠበሉ ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ሥር ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ እየተጠመቅን በጣሳ እንጠጣለን። እዚያ ማስመለስ መልካም ምልክት ነው። ሲያስመልሰኝና ሲያስቀምጠኝ አክስቴ ደስ አላት፤ እኔም የጠበሉ ሥራ መሰለኝ። እንክብሌን አላቋረጥኩም፤ ምግብ ግን ሆዴ አልይዝ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጣሳው ከእጄ እየወደቀ መጣ። ወደ ጠበሉ ስወርድ እግሮቼ የእኔ አልሆን አሉ።

«ሊወጣ ነው!» አሉ በዙሪያዬ ያሉት። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ጮኹ።

«ማነህ? ተናገር!»

ውኃ ጠምቶኝ ነው ልል ፈለግኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ፤ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። ሕዝቡ እልል አለ።

አባቴ ዳቦ ይዘውልን የመጡት በዚህ መሐል ነው። በሰዉ መካከል አልፈው አጎንብሰው አዩኝ።

«ማስመለስ ከጀመረች ቆየች?» አሏት አክስቴን።

«አዎ አባ፣ እየለቀቃት እኮ ነው!»

«መድኃኒቷንስ?»

«እሱንም እየዋጠች ነው።»

አባቴ ቀና ብለው አጥማቂውን ቄስ አዩ። «አባ፣ ይፍቱኝ። ይህ መንፈስ አይደለም። መድኃኒት ተከማችቶ መርዟት ነው።»

«መስቀል ፊት ነው እንዲህ የሚሉት?»

«መስቀል ፊት ነው።»

አጥማቂው መስቀላቸውን ከግንባሬ አነሡና «ወንዶች፣ ቃሬዛ አምጡ» አሉ። በጉም ውስጥ ዳገቱን ተሸክመውኝ ወጡ፤ አባቴ ከጎኔ እየሄዱ ከንፈሬን በውኃ ያርሱልኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ ያገኙትን መኪና ለምነው ደብረ ብርሃን አደረሱኝ። ደሜ ውስጥ የነበረው ሊቲየም ከልክ አልፎ ተገኘ። በክንዴ የደም ሥር ብዙ የጨው ውኃ ተሰጠኝ። ሰውነቴ ቀስ እያለ መርዙን አወጣ፤ ኩላሊቴ ተረፈ። አክስቴ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አባቴ «አንቺ ምን ታውቂ ነበር? እኔም ብሆን ሰምቼ ነው» አሏት።

ሐኪሟ መጠኑን ቀንሳ ሊቲየሙን እንደገና ጀመረችልኝ። አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በደብራቸው እንዲህ ብለው ያስተምራሉ፦ የሐኪም መድኃኒት ያለው ሰው ለአጥማቂው አስቀድሞ ይንገር፤ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አይጣል፤ ካስመለሰውም ወደ ሐኪም ይሂድ። ቄሱ ከሐኪም ወገኑ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። አሁንም አሉ።

ባለፈው ዓመት ከሰላ ድንጋይ በኩል አንዲት ሴት ባሏን ይዛ አባቴ ዘንድ መጣች። አባቴ ወደ እኔ ላኳቸውና መናኸሪያ ተቀበልኳቸው። ሰውዬው እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል፤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየመረቀ ያስቆማል። ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አንቺም እንደዚህ ነበርሽ አሉኝ።»

«ነበርኩ።»

«ዳንሽ?»

«አልዳንኩም። መድኃኒቴን እየዋጥኩ እሠራለሁ።»

ወደ ባሏ ዞር ብላ «እንግዲህ እሱ ይተኛል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለች። «እሱ ካልተኛ እኔም አልተኛም።»

«ይተኛል» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ስመለስ ባሏ የሚያረጋጋ መርፌ ተወግቶ አልጋው ላይ ያንኮራፋል። እሷ ወንበሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ያመጣሁላትን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።