የአማት ጠገራ ብር

የዳባቱ ልብስ ሰፊ እንዳለው አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል። ጠገራ ብር ካገኘ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሳይሰማ አያምንም። እውነተኛው እንደ ደወል ያቃጭላል፤ እርሳስ የሆነው ዱብ ብሎ ይቀራል።

በሚሌኒየሙ ዋዜማ ደባርቅ ላይ የጥንት ገንዘብ ኤግዚቢሽን ተከፈተ ሲባል፣ የጀመረውን ሱሪ የስፌት መኪናው ላይ ጥሎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከነፈ። አዳራሹ ሲገባ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ላገኘው ሁሉ የደረት ኪሱን እየመታ፣ "የኔን ብታዩ!" ይላል።

አዘጋጁ አቶ ይግዛው ትልቁን ጠገራ ብር ከመስታወት ሣጥን አውጥተው ሲያሳዩ፣ "እስቲ አንዴ ይስጡኝ" አለና ተቀብሎ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

ዱብ!

ሕዝቡ አውካካ። አቶ ይግዛው ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ "በል የምትኩራራበትን አምጣ!" አሉት።

እንዳለው ክው አለ። የኪሱን ብር ሠርካለምን ባገባ ቀን የሰጡት አማቱ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። የአማትን ስጦታ መፈተሽ ነውር ነው ብሎ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋይ አላስነካውም።

"ጣለው! ጣለው!" አለ ሕዝቡ። ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው።

ዱብ!

ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ ነው። እንባውን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ አቧራውን አራገፈና መልሶ ደረት ኪሱ ከተተው።

"እኔ ከአማቴ የወሰድኩት ሠርካለምን ነው" አለ። "ብሩማ ምራቂ ነበር!"