ከጮቄ ጋር የመደብኳቸው አማቴ

ሉማሜ ጂኦግራፊ ሳስተምር የምወደው ምዕራፍ እሳተ ገሞራ ነበር። ንቁ የሚባለው ዛሬም የሚፈነዳው ነው፤ የተኛ የሚባለው ለረጅም ዘመን ዝም ብሎ አንድ ቀን ሊነሣ የሚችለው፤ የሞተ የሚባለው ደግሞ ከእንግዲህ አይፈነዳም ተብሎ የተተወው። ለሞተው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ እጄን ወደ ጮቄ እዘረጋለሁ። ተራራው መልስ ስለማይሰጥ በጣም ደፋር ነበርኩ።

ችግሩ ይህን እውቀት ከክፍል ይዤው መውጣቴ ነው። የምወዳት ልጅ አባት ቁይ የሚኖሩ ቄስ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ቁጣቸው ገበያ ይበትን ነበር ይባላል። እሷ ግን አባባ መቆጣት ካቆሙ ቆይተዋል፣ አሁን ቀድሰው ገብተው ዝም ነው አለችኝ። ያን እንደሰማሁ ሰውየውን ከጮቄ ጋር መደብኳቸው።

በአገራችን ወግ ልጅ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ቆመው ይጠይቃሉ፤ አባት «ተቀመጡ» ካለ ፈቀደ ማለት ነው። አግቢው ቤቱ ሆኖ ወሬ ይጠብቃል። እኔ ግን የሞተ እሳተ ገሞራ ምን ያስፈራል ብዬ ኮቴን ለብሼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቴ እንድቀር መንገዱን ሙሉ ለመኑኝ፤ እኔ ስለ ቀለጠ ድንጋይ አስረዳኋቸው።

ቄሱ በራፋቸው ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን። እኔ ላይ ሲደርሱ ይኼ ደግሞ የማን ሽማግሌ ነው ብለው ጠየቁ። አግቢው መሆኔን ራሴው ተናገርኩ። የተከተለውን ስድብ ሁሉ አልሰማሁትም፤ መቋሚያቸውን ከግድግዳው ሲያነሡ እግሬ ቀድሞኝ ነበር። አጎቴ አንድ ጫማቸውን እዚያው ጥለው ወጡ።

ልጅቷን ያጣኋት መሰለኝ። እህል አልወርድ አለኝ፤ ክፍል ውስጥም ምዕራፉን ዘልዬ ወደ ወንዞች አለፍኩ።

አጎቴ እንደገና ሲሄዱ፣ ጫማቸውንም ለማምጣት ጭምር፣ እኔ ሉማሜ ሻይ ቤት ቀረሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቄሱ የመጡ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። ሲመለሱ እንደነገሩኝ፣ ቄሱ ለረጅም ጊዜ በራፍ ላይ አቆሟቸው። በመጨረሻ ልጁ የት እንዳለ ጠየቁ።

«ፈርቶ ቀርቷል» አሉ አጎቴ።

«እንዲያ ከሆነ ተቀመጡ።»

ከዚያ ወዲህ ጮቄ ሞቷል ብዬ አስተምሬ አላውቅም።