ለአባቴ እጅ የጠረብኩት ወይራ

ወይራ ያበሳጫል። ጠንካራ እንጨት ሁሉ ያበሳጫል፤ ወይራ ግን አውቆ የሚያበሳጭ ይመስለኛል። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ሞረድ ሲያርፍበት ግን ውስጡ እንደ ገመድ የተገመደ ሆኖ ይገኛል። በአንድ በኩል ሲለሰልስ በሌላው ይሻክራል። አለቀልኝ ብለው እፎይ ሲሉ ይሰነጠቃል።

ይህን የምለው የላስቲክ ወንጭፍ ስለምሠራ ነው። ጎረምሳ አይደለሁም፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከሥራ ኮልፌ ስገባ ግቢያችን ውስጥ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ባላ እጠርባለሁ። ጎረቤቶቼ «አንተ ሰውዬ፣ ጢም አብቅለህ ወፍ ልታድን ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ከውጭ ከመጣ የቤት ዕቃ የተረፈ ቀይ እንጨት ሞክሬያለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት እንደ መስታወት ያበራል፤ ላስቲኩ ሲሳብ ግን ከአንገቱ ተቀነጠሰ። እንደ ከሰል የጠቆረውን የዞጲ እንጨት አግኝቼ ሞረዴን ጨርሶብኛል። አንዱን ደግሞ በሚረጋው የምግብ ዘይት አሽቼው አልደርቅ ብሎ፣ አቧራና ፀጉር ሲሰበስብ ከረመ።

ይህን ሁሉ የምለፋው ለአባቴ ነበር። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ዶሮዎቻቸውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ጭልፊት በቆርቆሮው ላይ ሲያንዣብብ ከወንበራቸው ሳይነሱ በወንጭፍ ያባርሩት ነበር። ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ ግን ባላውን የሚይዙበት እጃቸው ታጠፈ። የድሮው ወንጭፍ ከእጃቸው ወደቀ፤ ጫጩቶቹም እያለቁ መጡ። በታጠፈው እጃቸው ልክ እጀታ ብጠርብላቸው እንደገና ይይዛሉ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ልኩን የምወስደው በጭቃ ነበር። እሑድ እሑድ እርጥብ ጭቃ በእጃቸው አስይዛቸውና «ይጨብጡት አባባ» እላቸዋለሁ። ጭቃው ሲደርቅ በሱ ልክ እጠርባለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን እጀታው አልገባ ይላል። «ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ችግሩ እሱ ነው» እያልኩ እንደገና እጀምራለሁ። አባቴ ጭቃውን ከጣታቸው እየጠረጉ ያዩኛል። አልሆን ያለ ባላ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ገባ።

በመጨረሻ ሳንሱሲ ሰፈር አንድ ሰው አጥሩን ሲያፈርስ የቆረጠውን ወይራ ሰጠኝ። እንደ ተዘረጉ ሁለት ጣቶች የተስተካከለ ባላ ነበረው። ሚኒባስ ውስጥ ይዤ ስገባ ረዳቱ «ሰውዬ፣ ማገዶ በሰው ቦታ አይጫንም!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ማጀት ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ክረምቱ እስኪወጣ ቢላዋ አላስነካሁትም። ላስቲኩን ከመኪና ጎማ ካላማደሪያ፣ ጠጠር መያዣውን ከአሮጌ ጫማ ምላስ ቆርጬ ጠበቅሁት።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ግቢው በወይራ ጭስ ታውዷል። እናቴ የማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠላ ልትጥል ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ ጭሱ ላይ ደፍታዋለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፍሙ ላይ የባላዬ ግማሽ አለ።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ወይራ ነዋ! አሁን እንዲህ ያለ ወይራ ከየት ይገኛል?»

«ክረምቱን ሙሉ ያደረቅኩት እኮ ነው!»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ ጭሱ ያማረው። ደግሞ እኔ ላይ አትጩህ፤ አውርጂው ያሉኝ አባትህ ናቸው።»

ደሜ ፈላ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«እውነት ነው አባባ?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጭቃው አይደለም የሚኮማተረው፤ እጄ ነው። በየሳምንቱ ይብሳል። አንተ ደግሞ በየሳምንቱ አምጥተህ ታሳየኛለህ።»

«ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?»

«ብነግርህም አትሰማም፤ ቫርኒሽ ልትገዛ ትሄዳለህ።»

ማታውን በጊዜ ተኛሁ። በእናቴ ተናድጄ፣ በአባቴ ተናድጄ፣ በዚያ ርጉም ወይራ ተናድጄ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ያቃጠለኝ፣ በየእሑዱ እጃቸውን በእጄ ይዤ ምንም አለማየቴ ነው።

የማኅበሩ ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር፤ እንግዶቹ ሁሉ የወይራውን ሽታ አነሱ። እኔ አልቀመስኩትም። አባቴ በደህናው እጃቸው ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠው ሳለ ቀና አሉ። ከእኛ ሁሉ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ጭልፊቱ ቆርቆሮው ላይ እየዞረ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ? ወርውር እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

ሮጬ ገብቼ ከሣጥኑ ላስቲክ የታሰረበት አንድ ባላ አነሳሁ። እጀታው በመዳፌ አልገባም። ጥዬው ሌላ አነሳሁ፤ እሱም አልገባም። ሁሉንም የጠረብኩት ለታጠፈ እጅ ነው። ጣቶቼን አጥፌ ለመጨበጥ ስታገል የእናት ዶሮዋን ጩኸት ሰማሁ፤ ስወጣ ጭልፊቱ አንዲት ጫጩት ይዞ ከቆርቆሮው ማዶ ሄዷል።

አጠገባቸው ቁጭ ስል አባቴ እጄ ላይ ያለውን ባላ አዩ። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ያንን የታጠፈ እጃቸውን በደህናው አነሡና ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«በቃ፣ አሁን በራስህ እጅ ልክ ጥረብ» አሉኝ። «እኔ ሲመጣ አይቼ እነግርሃለሁ።»