«ተዋት» ያለው ማን ነበር?

የመርሳ እግር ኳስ ቡድናችንን ታሪክ እንድጽፍ የመረጡኝ የድሮ ተጫዋቾች ናቸው። ተከላካይ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ሜዳውን ድንጋይ ለቅመን እንዴት እንዳቀናነው፣ የመጀመሪያውን ማልያ የትኛው ልብስ ሰፊ እንደሰፋልን፣ ግራና ከተማ ለመጫወት በጭነት መኪና ላይ ቆመን እንዴት እንደሄድን ሳልቸገር ጻፍኩ። እጄ የተያዘው ከወልድያ ጋር ያደረግነው የዋንጫ ጨዋታ ላይ ስደርስ ነው።

ያን ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቀላል ኳስ ወደ ግባችን መጣች። ልመታት ስል «ተዋት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በረኛችን መስሎኝ ተውኩለት። እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። የወልድያው አጥቂ በመካከላችን ገብቶ አገባት። በዚያችው ጎል ተሸነፍን።

በረኛው ያን ጊዜ የአጥቂውን እህት አጭቶ ነበር። ወዲያው ሐሜቱ ተነሣ። ሰርጉ ወልድያ ሲደገስ ከቡድኑ ማንም አልሄደለትም። «አስገብቶ አገባ» እያሉ ቀለዱበት፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ቡድኑን ትቶ ውርጌሳ ከተማ ሄዶ ጎማ ጥገና ከፈተ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ በአንገት ብቻ ሰላም ተባብለን እንተላለፍ ነበር።

ሳልጠይቀው ስለ እሱ መጻፍ ከበደኝና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውርጌሳ ሄድኩ። ጎማ ሲፈታ አገኘሁት። የመጣሁበትን ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ትክ ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ዛሬ ልትነግረኝ ነው?» አለ።

«ምኑን?»

«ኳሷን ለምን እንዳሳለፍካት። በዓመቱ ወልድያ አስተማሪ ሆነህ ተቀጠርክ። ምን ላስብ?»

ደነገጥኩ። ለካ እኔ እሱን ስጠረጥር እሱም እኔን ሲጠረጥር ኖሯል።

«ተዋት ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ አፌን አልከፈትኩም። ድምፁን ግን ሰምቻለሁ። አንተ መስለኸኝ ነው የቆምኩት።»

ሚስቱ ከቤት ሆና ስትሰማን ኖሮ ብቅ አለች።

«ወንድሜ የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችልበታል» አለች። «አባታችንን መስሎ እየተጣራ ያስደነግጠን ነበር።»

ባሏ ዞረባት። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድምፅ ሰማሁ ብለህ መቼ ነገርከኝ?»

እዚያው ቆሞ ለአጥቂው አማቹ ስልክ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከሰላምታው በኋላ «ያችን የዋንጫ ጎል ስታገባ ሜዳ ላይ የጮኸ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

አጥቂው ሳቀ። ከዚያ «ተዋት ያልኩት እኔ አይደለሁም» አለ።

ቃሉን ማናችንም አላነሣንለትም ነበር። ሚስትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በረኛው ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያም «ምሳ ሳትበላ አትሄድም» ብሎ እጄን ያዘ።

ታሪኩን በድሮ ተጫዋቾቹ ስብሰባ ላይ ሳነብ በረኛው ከስንት ዘመን በኋላ መርሳ መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ስለዚያች ጎል የጻፍኩትን ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። የቀድሞው አምበላችን እሱንና እኔን ተራ በተራ አየና «መቼ ነው ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ የተማከራችሁት?» አለኝ።

«ቅዳሜ» አልኩት። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ ግን አጠገቡ ለተቀመጠው ‹አላልኩህም?› በሚል አንገቱን ሲነቀንቅለት አየሁ።